የምንጠጣውም ይቆጠራል፦ ስለ መጠጥና ክብደት ለጠየቃችሁን መልስ

በዚህ እትም ስለ መጠጥና ስለ ክብደት የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ከታች «ማንኪያ» ስንል አፉ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ማለታችን ነው፤ 4 ግራም ስኳር ይይዛል፣ 16 ካሎሪ ይሰጣል። ተከምሮ ሲጨለፍ እስከ 6 እና 7 ግራም ስለሚደርስ የቤትዎን ማንኪያ አንድ ጊዜ በሚዛን ቢያዩት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ቢሮ ተቀምጬ የምውል ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ወር ወዲህ እንጀራ በግማሽ ቀንሻለሁ፣ ማታ ግማሽ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ኬክም ሆነ ብስኩት አልነካም። የምጠጣው እንደ ማንኛውም ሰው ነው፦ ጠዋትና አሥር ሰዓት ላይ ማኪያቶ በሁለት ሁለት ማንኪያ፣ አራት ሰዓት ላይ ሻይ በሦስት፣ ከምሳ ጋር አንድ ለስላሳ፣ ማታ ቤት ቡና ከአቦል እስከ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ። ምን ቀረኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ የቀረዎት ነገር እዚያው የዘረዘሩት ውስጥ አለ። እንቁጠረው። ሁለቱ ማኪያቶ 4 ማንኪያ፣ ሻዩ 3፣ ሦስቱ ሲኒ ቡና 6፤ ድምሩ 13 ማንኪያ ስኳር፣ ማለትም 52 ግራም ወይም 208 ካሎሪ። ባለ 300 ሚሊ ሊትር የኮካ ጠርሙስ ደግሞ ወደ 32 ግራም ስኳር አለው፤ ይህም 8 ማንኪያ፣ 128 ካሎሪ ነው። የማኪያቶው ወተት በያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ቢሆን ሁለቱ ወደ 125 ካሎሪ ይሰጣሉ። ሁሉም ሲደመር በቀን 460 ካሎሪ ይሆናል፤ 300 ግራም ገደማ የሚመዝን እንጀራ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። ከማዕድ ላይ ግማሹን አንስተው በስኒና በጠርሙስ ከነትርፉ እየመለሱት ነው ማለት ነው። የግማሽ ሰዓቱ እርምጃ ለ70 ኪሎ ሰው ከ120 እስከ 150 ካሎሪ ያህል ነው የሚያስወጣው። መራመዱን አይተዉት፤ ብቻውን ግን ለስላሳውን ከማካካስ አያልፍም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበላ ሰው የሚጨመር ስኳሩ ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም ቢያንስ ይመረጣል። የእርስዎ 84 ግራም ነው። ወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ስኳር ከዚህ አይቆጠርም።

መጀመሪያ የሚነሣው ለስላሳው ነው። ምግብ ስለሚበሉ ጉልበት አይጨምርልዎትም፣ ከአምቦ ውሃ በሎሚ የተለየ የሚያረካው ነገርም የለም። ይህን ነገ ማድረግ ይቻላል። የቡናውንና የሻዩን ስኳር ግን በአንድ ቀን አይቁረጡ። በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል፤ ምላስ የለመደው ጣፋጭነት የሚወርደው ቀስ በቀስ ስለሆነ ነው። ለያንዳንዱ ስኒ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። ሁለት ማንኪያው በሁለት ሳምንት አንድ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆዩና ወደ ግማሽ ይውረዱ።

ቡናው ራሱ ስኳር እንዲያስፈልገው ተደርጎ እየተፈላ ሊሆንም ይችላል። እስኪጠቁርና ዘይት እስኪያወጣ የተቆላ ቡና መራራ ነው፤ መራራው በስኳር ይሸፈናል። ቡናማ ሆኖ ሲንጣጣ ቢወጣና ጀበናው ላይ ቡናው ትንሽ ቢቀንስ በግማሽ ማንኪያ ይጠጣል። ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ ጣል ማድረግም ይረዳል። ለሻይ ቀረፋና ቅርንፉድ ከውሃው ጋር 5 ደቂቃ ይፍሉ፤ ሻይ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። ቅጠሉ ረዥም ጊዜ ሲፈላ ስለሚመር እጅ ወደ ስኳሩ ይሄዳል። ካፌ ውስጥ ከማዘዝዎ በፊት «ስኳር ለብቻ» ይበሉ፤ በብዙ ቤት ስኳሩ ብርጭቆው ላይ ቀድሞ ይገባል፣ ከገባ በኋላ የሚወጣበት መንገድ የለም።

ከ13 ማንኪያ ወደ 5 ቢወርዱና ለስላሳውን ቢተዉ በቀን ወደ 256 ካሎሪ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ከቆየ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር ወደ አንድ ኪሎ መጠበቅ ይቻላል፤ ሰውነት ሲቀንስ የሚፈልገው ጉልበትም ስለሚቀንስ በኋላ ዝግ ይላል። ማኪያቶውን አይተዉት፤ ወተቱ ፕሮቲንና ካልሲየም ይሰጥዎታል። ዕቅዱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ከቡናው ጎን የሚቀርበው ነው። የቡና ቁርሱ ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ወይም ዳቦ ከሆነ፣ ከሲኒው የተረፈው በሳህኑ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ሙሉውን ጾምኩ፤ ሥጋም ወተትም አልቀመስኩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቮካዶ ጁስ ወይም ስፕሪስ ጠጥቼ ሽሮዬን እበላለሁ። ፍሬ ጤና ነው እየተባለ እንዴት ጾም ላይ ሦስት ኪሎ ይጨመራል? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ፍሬው ጤና መሆኑ እውነት ነው፤ ችግሩ ብርጭቆ ሙሉ ሆኖ ከምሳ በፊት መምጣቱ ነው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ አቮካዶ ጁስ 200 ግራም ያህል የተላጠ አቮካዶ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ብቻ 320 ካሎሪ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሲጨመር ሌላ 100። ከላይ የሚፈሰው ቪምቶም የስኳር ሽሮፕ ነው። ስለዚህ ከ400 በላይ ካሎሪ ጠጥተው ሲያበቁ ገና ምሳ ሊበሉ ነው። ስፕሪሱ ማንጎና ፓፓያ ስላለው ትንሽ ይቀላል እንጂ ስኳሩ ያው ነው።

«ታዲያ ከጠገብኩ ምሳዬ አይቀንስም ወይ?» ይሉ ይሆናል። በበቂ አይቀንስም። የሚጠጣ ነገር ሳይታኘክ በፍጥነት ያልፋልና የሚያጠግበው በውስጡ ካለው ጉልበት ያነሰ ነው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት፣ 15 ሰዎች ለአራት ሳምንት በቀን 450 ካሎሪ በጄሊ ከረሜላ፣ ለሌላ አራት ሳምንት ደግሞ ያንኑ ያህል በለስላሳ እንዲወስዱ ተደረገ። ከረሜላውን ሲበሉ ሳይታወቃቸው ሌላውን ምግብ ቀነሱ። ለስላሳውን ሲጠጡ ግን አልቀነሱም፣ ክብደታቸውም ጨመረ። አቮካዶ ስብና አሰር ስላለው ከለስላሳ ይልቅ ያጠግባል፤ ያም ሆኖ ከምሳ ጋር ሲደረብ ትርፍ ነው።

ስለዚህ አቮካዶ ጁስን እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ ምግብ ይቁጠሩት። ከጠጡት ከሽሮው ጋር የሚበሉት እንጀራ ይቀንስ። ቤት ለመሥራት 100 ግራም አቮካዶ፣ 100 ግራም የበሰለ ፓፓያ፣ 150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይምቱ፤ ስኳር የለም፣ ወደ 200 ካሎሪ ነው። ፓፓያው ጥሬ ከሆነ ስኳር ያምርዎታልና በደንብ የበሰለ ይምረጡ። ሎሚው ጁሱ ቶሎ እንዳይጠቁርም ይረዳል። ጁስ ቤት ከሆኑ «ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ፣ በትንሹ ብርጭቆ» ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ግማሽ አቮካዶ በሎሚ፣ በቃሪያና በጨው ከዳቦ ጋር መብላት ነው፤ ይታኘካል።

ለብርቱካንም ፍርዱ ተመሳሳይ ነው። አንድ ብርቱካን 60 ካሎሪና 3 ግራም ያህል አሰር አለው። 250 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ግን ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይፈጃል፤ ወደ 110 ካሎሪና 21 ግራም ስኳር ይሰጣል፣ አሰሩ ማጥለያው ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ አራት ወር ሆነኝ። እናቴ አጥሚት በቀን አራቴ ታፈላልኛለች፤ «ወተት የሚሞላው በሱ ነው» ትላለች። ከመውለዴ በፊት ከነበርኩበት 11 ኪሎ በላይ ነኝ። ብተወው ልጄ ይራባል ብዬ ፈራሁ። (ከጎንደር)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎት። እናትዎ ልክ የሆኑበት ነገር አለ፤ የምታጠባ እናት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ። ስንት አጥሚት ይህን እንደሚሞላ እንይ። 30 ግራም የአጃ ዱቄት 115 ካሎሪ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 125፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 120፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 64። አንዱ ኩባያ 424 ካሎሪ ሆነ፤ አራቱ ወደ 1,700። ይህም ከገንፎው፣ ከዶሮውና ከእንጀራው ሌላ ነው።

ጡት ወተት የሚሞላው ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባና ጡቱ ባዶ ሲሆን ነው። አጥሚቱ የሚሰጠው ጉልበትና ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹን ውሃም ይሰጣል። ስለዚህ አንዱን ኩባያ ጠዋት እንዳለ ይተዉት፤ የእናትዎን ልፋትም አይጣሉ። ሁለተኛውን ከፈለጉ ያለ ቅቤና በግማሽ ማር ያስፈሉት። የቀሩትን ሁለቱን በውሃ፣ ስኳር በሌለው የዝንጅብል ሻይ፣ ወይም በአንድ ብርጭቆ ወተት ይተኩ። ባጠቡ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገብዎ ይኑር። ጉልበቱን ከእንቁላል፣ ከምስርና ከጎመን ቢያገኙት ፕሮቲንና ብረትም አብሮ ይገባል።

አቀናነሱ ከሳምንት ግማሽ ኪሎ አይለፍ፤ በዚህ ፍጥነት የቀነሰች እናት ልጅ በደህና ያድጋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አቁሞ ራስን ማስራብ ግን ድካም ያመጣል፣ ወተቱንም ሊቀንሰው ይችላል። የሕፃኑ ክብደት በክትባት ቀን ሲመዘን በሚገባው ልክ እየጨመረና ሽንቱን በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ እያረጠበ ከሆነ ወተቱ በቂ ነው፤ ለእናትዎም ይህንኑ ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ አርብና ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ድራፍት እንጠጣለን። ሌላው ቀን አልነካም። ቦርጬ ግን ከቀን ወደ ቀን እየገፋ ነው። ወደ ጠጅ ወይም ወደ አረቄ ብዞር ይሻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መዞሩ ብዙም አይጠቅምዎትም። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ይሰጣል፤ ስብ ከሚሰጠው 9 ብዙም አይርቅም። ግማሽ ሊትር 5 በመቶ አልኮል ያለው ድራፍት ከብቅሉ ጋር ወደ 200 ካሎሪ ነው፤ በሁለቱ ቀን አራት አራት ቢጠጡ 1,600። አንድ ሩብ ሊትር 10 በመቶ አልኮል ያለው ጠጅ ከአልኮሉ ብቻ ወደ 140 ካሎሪ አለው፤ ማሩ በደንብ ካልፈላ የቀረው ጣፋጭ በዚያ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ለጋ፣ ጣፋጭ ጠጅ ከደረቁ የከበደ ነው። 45 በመቶ የሆነ አረቄ 50 ሚሊ ሊትሩ ብቻ 124 ካሎሪ ይሰጣል፤ ለጉበት ያለው አደጋ ደግሞ ከክብደት ነገር በላይ ያሳስባል። ጠላ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ ወፍራሙ ከቀጭኑ ይከብዳል። ወይን በኮካ የሚደባለቀው ሁለት እዳ ነው፤ በአምቦ ይደባለቅ።

ከካሎሪው ሌላ ሁለት ነገር አለ። ሰውነት አልኮልን ማስቀመጥ ስለማይችል አስቀድሞ እሱን ያቃጥላል፤ ከምግቡ የመጣው ስብ በዚያ ሰዓት ለማከማቻ ይቀራል። ጠጪ ደግሞ ይራባል፤ ጥብሱና ክትፎው የሚታዘዘው በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ነው። ስለዚህ ምሽቱ ከመጀመሩ በፊት ሽሮ ወይም ምስር በልተው ይውጡ። ጥምዎን በድራፍት አይቁረጡ፤ እንደተቀመጡ አንድ አምቦ ውሃ ይጨርሱ። ትልቁን ትተው ሲንግል ይዘዙ፣ በየመሃሉ ውሃ ይግባ። በአንድ ምሽት ሁለት ላይ ማቆም ከተቻለ ለቦርጭ ይህ ከማንኛውም የሆድ ስፖርት ይበልጣል።

አልኮል የሌለው ማልት ይሻላል ብለው ለሚያስቡ፦ ለጉበትና መኪና ለመንዳት ይሻላል፤ ለክብደት ግን ጠርሙሱን ማንበብ ግድ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ስኳር እንዳለው ይዩ፣ በጠርሙሱ መጠን ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ ያገኙትን ለ4 ሲያካፍሉ የማንኪያው ቁጥር ይወጣል። ለምሳሌ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያለው ባለ 330 ጠርሙስ 33 ግራም፣ ከ8 ማንኪያ በላይ ነው። የታሸገ ጭማቂም በዚሁ ይሰላል።

ጥያቄ፦ ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚና ሞቅ ያለ ውሃ፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ተልባ፣ አረንጓዴ ሻይ፤ ቦርጭ ያጠፋል የሚባለው የቱ ነው? (ከአዳማ፣ ከደሴና ከመቀሌ በተመሳሳይ መልክ የደረሰን)

መልስ፦ ስብ የሚያቀልጥ መጠጥ የለም። ሎሚ በውሃ የሚጠቅመው ማር የሚገባበትን ሻይ ወይም ጁስ ከተካ ነው። በየቀኑ ከሆነ የጥርስን ሽፋን ስለሚበላ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይጉመጥመጡ። ጨጓራ ያለበት ሰው ይተወው። አረንጓዴ ሻይ ያለ ስኳር ጥሩ መጠጥ ነው፤ በክብደት ላይ ያለው ለውጥ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ተልባ ሆድ ድርቀትን ያስታግሳል፣ ትንሽም ያጠግባል፤ ነገር ግን ቅባት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 37 ካሎሪ፣ ማሩ 64። አንድ ማንኪያ ተልባ በብርጭቆ ውሃ ያለ ማር በቂ ነው፤ በላዩ ውሃ ካልተጠጣ ድርቀቱን ያብሰዋል። አብሽ በማር ተመትቶ ሲጠጣ ያው የማር መጠጥ ነው። የስኳርን መጠን ዝቅ ሊያደርግም ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ እንዲሁም ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳይጠይቁ በብዛት አይጠጡት። በሶ ደግሞ ምግብ ነው፤ 50 ግራሙ ወደ 180 ካሎሪ አለውና ቁርስ ይሁን እንጂ ከቁርስ በኋላ አይጠጣ።

ከተራ መጠጦች ውስጥ ማስረጃ ያለው ውሃ ነው። በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ በታተመ የ12 ሳምንት ጥናት፣ ምግብ እየቀነሱ ከነበሩ በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች መካከል ከየምግቡ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ የጠጡት ካልጠጡት በ2 ኪሎ ገደማ የበለጠ ቀንሰዋል። ከምሳና ከእራት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መጠጣት ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ፈሳሽ የተገደበበት ሰው ግን አይሞክረው።

ጥያቄ፦ ለስላሳ ያለ ስኳር፣ ዜሮ የሚባለው፣ ያወፍራል? (ከጅማ)

መልስ፦ ካሎሪ የለውም፤ ከመደበኛው ለስላሳ ለመውጣት ለጥቂት ሳምንት መሸጋገሪያ ቢሆን አንቃወምም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ እንዳይወሰድ መክሯል፤ በረዥም ጊዜ ጥቅሙ ስላልታየ ነው። ምላስንም ከጣፋጭ አያላቅቅም።

ጥያቄ፦ ሻርጃ በሰው ቤት እሠራለሁ። ሥራው ጉልበት ነው፣ የምበላውም ጥቂት ነው፤ ግን በሁለት ዓመት በጣም ወፈርኩ። ወተትና ሄል ገብቶበት የሚፈላውን ከረክ ሻይ በቀን አራት ጊዜ እጠጣለሁ፤ እሱ ነው የሚያቆመኝ።

መልስ፦ እህታችን፣ ከረኩ እንደ ምግብ እያገለገለዎት ነው። አንዱ ኩባያ 50 ሚሊ ሊትር የቆርቆሮ ወተት ካለው 67 ካሎሪ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር 48፤ አራት ኩባያ በቀን 460 ይሆናል። ቆርቆሮው ስኳር ያለበት ወፍራም ወተት ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያው ብቻ 65 ካሎሪ ገደማና 11 ግራም ስኳር አለው፤ ያለ ስኳሩን ይምረጡ። ሄልና ዝንጅብሉን በውሃ 5 ደቂቃ አፍልተው፣ ሻይ ቅጠል ጨምረው 2 ደቂቃ ያቆዩ፤ 50 ሚሊ ሊትር ተራ ወተትና አንድ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ። 50 ካሎሪ አይሞላም። ሄሉ ሲበረታ የስኳሩ መቀነስ ብዙ አይሰማም።

ሁለቱን ኩባያ ትተው በዚያ ሰዓት ምግብ ይብሉ፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ ወይም ባቄላ በዳቦ። ቁርስ ዘለው በከረክ የዋለ ሰው ማታ ሩዙ ላይ እጁን መያዝ ያቅተዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ድካም የሚመስለው አብዛኛው ጥም ነው፤ አንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስ ሞልተው ከምሳ በፊት ግማሹን ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ አባቴ 62 ዓመታቸው ነው፤ የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ሐኪም ክብደት ቀንሱ አላቸው። ለስላሳና በሻይ የሚገባውን ስኳር በአንድ ጊዜ እናስቁማቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ማቆሙ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱን ሳያዩ ግን አይጀምሩ። አባትዎ የሚወስዱት ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስጋቱ ትንሽ ነው። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ግን መጠኑ የታዘዘው ያንን ሁሉ ስኳር እየጠጡ በተለካ ደማቸው ላይ ሊሆን ይችላል። ስኳሩ በድንገት ሲቀር መድኃኒቱ ይበዛባቸውና ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ክትትል ጤና ጣቢያቸው ሄደው «መጠጡን ልናቆም ነው» ብለው ይናገሩ፤ ሐኪሙ መጠኑን ያያል። በጾም ወቅትም እንዲሁ።

ላብ ካጠመቃቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ልባቸው በፍጥነት ከመታ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ይለኩ። በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ ሳይለኩ፣ 4 ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ 150 ሚሊ ሊትር መደበኛ ለስላሳም ይሆናል፣ ዜሮው ግን አይሠራም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ይድገሙት፤ ሲሻላቸው ዳቦ ወይም እንጀራ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ በጎናቸው አስተኝተው ቶሎ ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።